ኢርቪንግ ላንግሙር፤ ለፕላዝማ ስም ያወጣለት ሰው

በሐምሌ ወር ሆዳን ውስጥ የኖረ ልጅ ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማው አንድ ትእዛዝ አለ። በሩን ዝጋ ይባላል። ማቀዝቀዣው እየሠራ በሩ ከተከፈተ ብርዱ ይወጣል፣ ወበቁ ይገባል፣ የመብራት ሒሳቡም ይንራል። ሰው ግን መግባትና መውጣት አለበት። ስለዚህ ብዙ እናቶች በሩ ላይ መጋረጃ ይሰቅላሉ። መጋረጃው ሰውን ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ግን ያዘገየዋል።

በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎችም ይህን የሚመስል ችግር አለባቸው። አክስለሬተር የሚባለው መሣሪያ እንደ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶችን በቱቦ ውስጥ እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት ያስሮጣል። በቱቦው ውስጥ አየር ካለ ቅንጣቶቹ ከአየሩ ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ይበተናሉ። ስለዚህ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ባዶነት ቫኪዩም ይባላል። ችግሩ የሚመጣው ጨረሩን ከቱቦው ውጪ ልንሠራበት ስንፈልግ ነው። ጨረሩ እንዲወጣ በር ያስፈልጋል፤ አየሩ እንዳይገባ ደግሞ በሩ መዘጋት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ ደሴት በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ ኤዲ ሄርሽኮቪች የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ለዚህ ችግር ከጋለ ጋዝ የተሠራ መጋረጃ አቀረበ። ስሙም የፕላዝማ መስኮት ተባለ። የዛሬው ጽሑፋችን ግን የሚተርከው ከዚያ 38 ዓመት ቀደም ብሎ ስለሞተ ሌላ ሰው ነው። ፕላዝማን በስሙ የጠራው፣ ባሕርዩን የለካው፣ ቫኪዩም የሚፈጥረውንም ፓምፕ ያሻሻለው እሱ ነው። ኢርቪንግ ላንግሙር ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላዝማ የሚለው ቃል ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታወሰው ከክፍሉ ፊት የተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥንና በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ነው። ተማሪው አንዱን ነጥብ ጽፎ ሳይጨርስ መምህሩ ወደ ሌላው ይሻገራል። እጅ አውጥቶ ማስቆም አይቻልም። ትምህርቱ ስሙን ያገኘው ከቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ስሙን ያገኘው በመስታወቱ ውስጥ በጥቃቅን ክፍሎች ከታመቀው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ፕላዝማ ከሚሆነው ጋዝ ነው። ጋዙ ይህን ስም ያገኘው በ1928 ከላንግሙር ነው።

አጥርቶ የማያይ ልጅ

ላንግሙር ጥር 31 ቀን 1881 በብሩክሊን ተወለደ። ብሩክሊን የሎንግ አይላንድ ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ነው። አባቱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ከአራት ወንድማማቾች ሦስተኛው ነው።

ልጁ ዓይኑ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ማንም አላወቀለትም። እሱም ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ሳይመስለው አልቀረም። የዓይኑ ችግር ታውቆ መነጽር ሲደረግለት ዕድሜው 11 ዓመት ሆኖ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚህ በፊት ያላያቸው ዝርዝር ነገሮች ሁሉ ተገለጡለት። ስለ ተፈጥሮ የነበረው ጉጉትም በጣም ጨመረ። ሰሌዳው አልታየኝ ብሎ ለመናገር የሚያፍር ተማሪ በመካከላችን ካለ ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ወላጆችም እንዲሁ።

ሌላው የልጅነቱ ዕድል ታላቅ ወንድሙ አርተር ነበር። አርተር የኬሚስትሪ ባለሙያ ሆነ። ታናሹንም ስለሚያየው ነገር ሁሉ እንዲጠይቅ ያበረታታው ነበር። ኢርቪንግ ገና ልጅ ሳለ ከመኝታ ክፍሉ ጥግ የራሱን ትንሽ ቤተ ሙከራ አደራጀ።

ከ1892 እስከ 1895 ቤተሰቡ በፓሪስ ኖረ። የአሜሪካው ልጅ ሦስት ዓመት ያህል በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተማረ። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ሌላ ቋንቋ ማለት ምን እንደሆነ ለኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛና አፋርኛ፣ ቢሮ ውስጥ ፈረንሳይኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ያውቀዋል። ላንግሙር ወደ አገሩ ሲመለስ በፊላዴልፊያና በብሩክሊን ተምሮ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምህንድስና ተመረቀ። ቀጥሎም ወደ ጀርመን ጎቲንገን ሄዶ ዋልተር ኔርንስት ከተባለው ታላቅ ሊቅ ዘንድ ሲያጠና ቆይቶ በ1906 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። የምርምሩ ርዕስ በጋለ ሽቦ አጠገብ ያሉ ጋዞች እንዴት እንደሚበታተኑና እንደገና እንደሚገናኙ ነበር። የጋለ ሽቦና ጋዝ! ከዚያ በኋላ የሠራው ትልቅ ሥራ ሁሉ ከዚህች ርዕስ የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጠቆረው አምፖል

ከጀርመን ሲመለስ በሆቦከን ከተማ በሚገኝ የምህንድስና ኮሌጅ ሦስት ዓመት አስተማረ። የማስተማሩ ሥራ ለምርምር ጊዜ አልሰጠውም። በ1909 ክረምት ስኬኔክታዲ በተባለች ከተማ ባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርምር ቤት ለዕረፍት ጊዜው ብቻ ሊሠራ ሄደ። ሄዶም ቀረ፤ 41 ዓመት በዚያው ሠራ።

በዚያን ዘመን የኩባንያው ራስ ምታት አምፖል ነበር። ተንግስተን ከተባለው ብረት የተሠራው ሽቦ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፤ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአምፖሉ መስታወት ከውስጥ ይጠቁራል፣ ብርሃኑ ይደክማል፣ ሽቦውም ይበጠሳል። የዘመኑ ባለሙያዎች ጥፋቱ በአምፖሉ ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። መፍትሔውም አምፖሉን ይበልጥ ባዶ ማድረግ ነው አሉ።

ላንግሙር በተቃራኒው ሄደ። አየሩን ለመቀነስ ከመድከም ይልቅ የተለያዩ ጋዞችን ሆን ብሎ እያስገባ እያንዳንዱ ምን ጥፋት እንደሚያደርስ አጠና። ለኩባንያው የሚሸጥ ነገር ሳያስገኝ ብዙ ጊዜ አለፈ። በኩባንያው ገንዘብ እየተጫወተ እንዳይሆን ራሱም ይጨነቅ ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዊሊስ ዊትኒ ግን ሥራው ደስ ይለው እንደሆነ ብቻ ይጠይቁት ነበር እንጂ አላቻኮሉትም።

በመጨረሻ መልሱን አገኘ። በደንብ ባዶ በሆነ አምፖል ውስጥ መስታወቱን የሚያጠቁረው አየር አይደለም፤ ራሱ ተንግስተኑ ነው። ሽቦው በጣም ሲግል አቶሞቹ ልክ እንደ ውኃ እየተነኑ መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ ይበልጥ ባዶ ማድረግ አይረዳም። የሚረዳው ከተንግስተን ጋር የማይዋሃድ ጋዝ፣ መጀመሪያ ናይትሮጂን በኋላም አርገን፣ መሙላት ነው። የጋዙ ሞለኪውሎች የሚተኑትን አቶሞች እየገፉ ወደ ሽቦው ይመልሷቸዋል። ጋዝ ሙቀት ይወስዳል የሚለውን ችግር ደግሞ ሽቦውን እንደ ስፕሪንግ በመጠምዘዝ አቃለለው። ለዚህ አምፖል በ1916 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በየቤታችን ተንጠልጥሎ የኖረው፣ ሲነኩት የሚያቃጥለው የድሮ አምፖል ይኸው ነው።

ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለራዲዮ የሚያገለግሉት የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ትንሽ ጋዝ ነበረባቸው። ኤሌክትሮን ከጋለ ሽቦ እንዲፈልቅ ጋዝ የግድ ያስፈልጋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ላንግሙር በ1913 ፍጹም በተጣራ ባዶነት ውስጥም ኤሌክትሮን እንደሚፈስ፣ እንዲያውም ይበልጥ በተስተካከለ ሁኔታ እንደሚፈስ አሳየ። ምን ያህል ሊፈስ እንደሚችል የሚያሰላው ሕግ እስከ ዛሬ በእሱና በቻይልድ ስም ይጠራል። በዚህ ቱቦ የተነሳ ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ተደርጎ በ1931 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለላንግሙር የተሰጠውን የፈጠራ መብት ውድቅ አድርጎታል። የፊዚክሱ ትክክለኛነት ግን አልተነካም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁሉም ባዶ ይሁን ባሉበት ቦታ ጋዝ ሞላ፤ ሁሉም ጋዝ ያስፈልጋል ባሉበት ቦታ ባዶ አደረገ። ሁለቱንም ጊዜ የመራው የሰው አስተያየት ወይም የራሱ ልማድ አልነበረም። የጠቆረውን መስታወት ምን ነካህ ብሎ መጠየቁ ነው።

ባዶነትን የሚሠራው ፓምፕ

ጥሩ ባዶነት ለማግኘት ጥሩ ፓምፕ ያስፈልጋል። በጊዜው የነበሩት ፓምፖች ቀርፋፋ ነበሩ። በጀርመን ጌዴ የተባለ ሊቅ የሜርኩሪ እንፋሎትን በመጠቀም አዲስ ዓይነት ፓምፕ ሠርቶ ነበር። ላንግሙር በ1916 ይህን ሐሳብ እጅግ የሚያፈጥን ማሻሻያ አቀረበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሜርኩሪ ከታች ይፈላል። እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ በኃይል ወደ ታች እንዲወረወር ይደረጋል። ይህ የእንፋሎት ፏፏቴ በመንገዱ ያገኛቸውን የአየር ሞለኪውሎች እየገፋ ወደ መውጫው ይወስዳቸዋል። የላንግሙር ዋና ማስተዋል ግድግዳውን በውኃ ማቀዝቀዝ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ወዲያው ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ስለዚህ ባዶ ወደሚደረገው ዕቃ ተመልሶ አይገባም፤ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይፈላል። ፓምፑ የሚንቀሳቀስ ብረት የለውም።

በኋላ ሜርኩሪው በዘይት ተተካ። ኤርነስት ሎረንስ በካሊፎርኒያ በ1930ዎቹ ሳይክሎትሮን የተባለውን ክብ አክስለሬተር ሲያሳድግ ባዶነቱን የፈጠሩለት የዚህ ዓይነት ፓምፖች ናቸው። ዛሬ ሌሎች ፓምፖችም አሉ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው ትልቁ የሰርን አክስለሬተር በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።

አክስለሬተር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አንዱ መሣሪያ ትንሽ አክስለሬተር ነው። በዚያ መሣሪያ ውስጥም ኤሌክትሮኖች የሚሮጡት በባዶ ቱቦ ነው። ባዶነቱ ቢበላሽ ሕክምናው ይቆማል።

ፕላዝማ የሚለው ስም

በ1920ዎቹ ላንግሙርና ባልደረቦቹ ሉዊ ቶንክስና ሃሮልድ ሞት ስሚዝ በዝቅተኛ ግፊት የሜርኩሪ እንፋሎት በሞላባቸው ቱቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ያጠኑ ነበር። ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲመታ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ይነቀላሉ። ኤሌክትሮን የተነቀለበት አቶም አዮን ይባላል። ከዚያ በኋላ ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ተራ ጋዝ አይደለም። ነፃ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች በእኩል ብዛት ተደባልቀው የሚርመሰመሱበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ለማግኔት የሚታዘዝ ሌላ ነገር ነው።

ላንግሙር ለዚህ ነገር ስም ያስፈልገዋል አለ። በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ ፕላዝማ ብሎ ጠራው። ሞት ስሚዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ ስሙ የመጣው ከደም ፕላዝማ ጋር በማመሳሰል ነው። የደም ፕላዝማ ቀይና ነጭ ሕዋሳትን ይዞ እንደሚጓዝ ሁሉ ይህም ነገር ኤሌክትሮኖችንና አዮኖችን ይዞ ይጓዛል። በዚህ የተነሳ የሕክምና መጽሔቶች የጽሑፉን ቅጂ እንዲልኩላቸው ይጠይቋቸው ነበር ይባላል። ደም ባንክ ስለ ፕላዝማ ሲያወራ ሰምቶ ቴሌቪዥኑን ያሰበ ተማሪ ካለ እንግዲህ ብቻውን አይደለም።

ላንግሙር ስም አውጥቶ ብቻ አልተወውም። ቀጭን ሽቦ በፕላዝማው ውስጥ አስገብቶ ቮልቴጁን እየለዋወጠ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ በመለካት የኤሌክትሮኖቹን ሙቀትና ብዛት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ይህ ቀላል መለኪያ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በፕላዝማ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ሳይሆን ወደ ጠፈር በሚላኩ መንኮራኩሮችም ላይ ይገጠማል።

ፀሐይ ፕላዝማ ናት። መብረቅ ፕላዝማ ነው። በፍሎረሰንት መብራት ውስጥ የሚያበራው ፕላዝማ ነው። በመንገድ ዳር ብረት የሚበይደው ሰው በጥቁር መስታወት ተከልሎ የሚያየው ነጭ ብልጭታም ፕላዝማ ነው። ስለ ብየዳ ካነሳን፣ ላንግሙር ራሱ የሃይድሮጂን ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየሰነጠቀ፣ ብረቱ ላይ ሲደርሱ እንደገና ሲገናኙ የሚሰጡትን ኃይለኛ ሙቀት ለብየዳ የሚጠቀም ዘዴ በ1920ዎቹ አውጥቷል።

ኖቤልና ካትሪን ብሎጄት

በ1932 ላንግሙር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። በዚህ ዘርፍ ሽልማቱን ያገኘ ሁለተኛው አሜሪካዊ ነው። የተሸለመው ግን በፕላዝማም በፓምፕም አይደለም። አንድ ሞለኪውል ብቻ ውፍረት ያላቸው ንጣፎች በውኃና በብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ባደረገው ጥናት ነው። ይህም ጥናት የተወለደው ከዚያው ከአምፖሉ ሽቦ ነው። ጋዞች በጋለው ተንግስተን ገጽ ላይ እንዴት እንደሚለጠፉ ሲመለከት ነበር ጥያቄው የመጣለት።

በዚህ ሥራ አብራው የደከመችውን ሴት ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ካትሪን ብሎጄት በዚያ የምርምር ቤት በሳይንቲስትነት የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1926 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። የላንግሙርን ነጠላ ንጣፍ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች በ1938 ብርሃን የማያንጸባርቅ መስታወት ሠራች። ንጣፎቹ ዛሬ የሚጠሩት በሁለቱም ስም ነው። ፊዚክስ የወንዶች ነው የሚሉ የክፍል ጓደኞች ያሏችሁ ልጃገረዶች ይህን ስም ያዙት።

ላንግሙር ከቤተ ሙከራ ውጪም ዓይኑ አያርፍም ነበር። ተራራ ይወጣል፣ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ አውሮፕላን ያበራል። በ1927 አትላንቲክን በመርከብ ሲሻገር የባሕር አረም በነፋሱ አቅጣጫ በረጃጅም መስመሮች ተሰልፎ አየ። ሌሎች መንገደኞችም አይተውት ይሆናል። እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በሐይቅ ላይ ዓመታት የፈጀ ሙከራ አድርጎ፣ ነፋስ ከውኃው ገጽ በታች ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ ጥቅልሎችን እንደሚፈጥር በ1938 አሳተመ። ነፋስ በሚነሳበት ቀን በባሕራችን ላይ አረፋ በትይዩ መስመሮች ሲሰለፍ ብታዩ የላንግሙር ዑደት ይባላል።

የመጨረሻው ዘመን ስሕተት

የታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ጥሩውን ብቻ መጻፍ ለተማሪ አይጠቅምም። ላንግሙር በሽምግልናው ተሳስቷል።

በ1946 ረዳቱ ቪንሰንት ሼፈር ከአውሮፕላን ላይ ደረቅ በረዶ ወደ ደመና በትኖ ከደመናው በረዶ እንዲወርድ አደረገ። ይህ እውነተኛ ግኝት ነው። ደመናን ለማዝነብ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚደረገው ጥረት፣ በ2021 በኢትዮጵያ የተጀመረውም ሙከራ ጭምር፣ ከዚያ የመጣ ነው። ላንግሙር ግን በጣም ጓጓ። በጥቅምት 1947 በአትላንቲክ ላይ በነበረ ማዕበል ደመና ውስጥ ደረቅ በረዶ ተበተነ። ማዕበሉ አቅጣጫውን ቀይሮ በጆርጂያ ግዛት ሳቫና የተባለችውን ከተማ መታ። ላንግሙር አቅጣጫውን ያስቀየረው የእኛ ሥራ ነው አለ። በኋላ መረጃው ሲመረመር ግን ማዕበሉ መታጠፍ የጀመረው በረዶው ከመበተኑ በፊት መሆኑ ታወቀ። በኒው ሜክሲኮ በየሳምንቱ የሚደረገው የደመና ማዝነብ ሥራም በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለውን ዝናብ እንደሚቆጣጠር ተከራከረ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችን ማሳመን አልቻለም።

የሚገርመው ነገር፣ ይኸው ሰው በ1953 ሳይንቲስቶች ማየት የሚፈልጉትን ነገር ብቻ እያዩ ራሳቸውን እንዴት እንደሚያታልሉ የሚያስረዳ ንግግር አድርጓል። በሌሎች ላይ ያየውን በሽታ በራሱ ላይ አላየውም። በወጣትነቱ የጠቆረውን አምፖል ሲመረምር አንዱን ጋዝ ካንዱ እየለየ፣ እያንዳንዱን ግምት እየፈተነ ነበር። ደመናን ግን በቤተ ሙከራ ዘግቶ መፈተን አይቻልም። ያልበተነበት ቀን ምን ይሆን ነበር የሚለውን ጥያቄ በትዕግሥት መመለስ ያስፈልግ ነበር። ሰው በ11 ዓመቱ የተደረገለት መነጽር ዕድሜ ልኩን አይበቃውም፤ ደጋግሞ መመርመር አለበት።

ላንግሙር ነሐሴ 16 ቀን 1957 በማሳቹሴትስ ግዛት ዉድስ ሆል በልብ ሕመም በ76 ዓመቱ ሞተ።

ከጋለ ጋዝ የተሠራ መጋረጃ

አሁን ወደ ጀመርንበት በር እንመለስ። ጅቡቲ ከባሕር ወለል ጋር እኩል ስለሆነች አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። 15 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደብተር ገጽ የሚያክል መስኮት በባዶ ቱቦ ጫፍ ብንገጥም ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል። መስኮቱን ከወፍራም ብረት ከሠራነው ጨረሩ ሲያልፍ ኃይሉን ያጣል፣ ይበተናል፣ ብረቱም ይግላል። ከስስ ብረት ከሠራነው ሊቀደድ ይችላል። ክፍት ቀዳዳ ትተን በፓምፕ ብቻ እንከላከል ብንል ደግሞ በየደረጃው ብዙ ትላልቅ ፓምፖች መደርደር ያስፈልጋል።

የፕላዝማ መስኮት በመካከላቸው ቀዳዳ ያላቸው፣ በውኃ የሚቀዘቅዙ የመዳብ ሳህኖች ተደርድረው የሚሠራ ነው። ቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለኮሳል። በውስጡ ያለው ጋዝ ፕላዝማ ይሆናል። ሙቀቱም እስከ 15,000 ኬልቪን ይደርሳል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 6,000 ገደማ ነው።

ታዲያ ሙቀት እንዴት አየርን ያግዳል? አንደኛ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ላይ ጋዝ በጋለ ቁጥር ይሳሳል። በክፍላችን ያለው አየር 300 ኬልቪን ያህል ነው። 15,000ን ለ300 ስናካፍል 50 ይሆናል። ስለዚህ በቀዳዳው ውስጥ ያለው ፕላዝማ ከውጪው አየር 50 ጊዜ ያህል የሳሳ ሆኖ ሳለ የውጪውን ግፊት ይቋቋማል። ሁለተኛ፣ ማር ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ጋዝ ግን በተቃራኒው ሲግል መፍሰስ ይከብደዋል። በጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ የጋለው ፕላዝማ እየተጎተተ ስለሚሄድ ወደ ባዶው ቱቦ የሚገባው ጋዝ እጅግ ጥቂት ይሆናል። እሱን ፓምፖቹ በቀላሉ ይጠርጉታል። የቅንጣቶቹ ጨረር ግን የሚያግደው ጠጣር ነገር ስለሌለ በሳሳው ፕላዝማ ውስጥ ያልፋል። የሚቀደድ ነገርም የለም።

ይህ መጋረጃ ዋጋ አለው። ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥርም ፍጆታው ይጨምራል። ስለዚህ የብረት መስኮቶችን ከሥራ አላስወጣም። ሆኖም የኤሌክትሮን ጨረርን ከባዶ ቱቦ አውጥቶ በአየር ላይ ብረት ለመበየድ እንደሚያስችል በሙከራ ታይቷል። ድሮ በኤሌክትሮን ጨረር የሚበየደው ዕቃ ራሱ ባዶ ክፍል ውስጥ መግባት ነበረበት። ወደባችን ላይ የሚቆመውን መርከብ ባዶ ክፍል ውስጥ ማስገባት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ላንግሙር ይህን መስኮት አላየም። ነገር ግን በአንድ በኩል ጋዝ፣ በሌላ በኩል ባዶነት፣ በመካከላቸው ፕላዝማ ብለን ስንዘረዝር የሕይወቱን ሥራ ርዕሶች መዘርዘራችን ነው። መስኮቱ የተሠራውም እሱ በተወለደበት በሎንግ አይላንድ ደሴት ላይ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ሰው ለምርምር የተነሳው በጠቆረ አምፖል ነው። በየቤታችን የተቃጠለ አምፖል፣ የማይዘጋ በር፣ የሚንጠባጠብ ማቀዝቀዣ አለ። ከመጣሉ ወይም ከመማረሩ በፊት ለምን ብሎ መጠየቅ በሆዳንም ይቻላል። የምታገኙትን መልስ ደግሞ እንደ ወጣቱ ላንግሙር ፈትኑት። በጣም ደስ ያላችሁ መልስ ከሆነ ሁለት ጊዜ ፈትኑት። መልካም የዕረፍት ጊዜ!